ኩዊኔ ተበላች፣ ምን ይሻለኛል?

ባለፈው እትም ጥግ ላይ ኦንላይን ቼዝ የምትጫወቱ ካላችሁ የተዋረዳችሁበትን ጨዋታ ላኩልኝ ብዬ አንድ መስመር ጣል አድርጌ ነበር፤ ሁለት ሦስት ሰው ይጽፍ ይሆናል ብዬ ነው እንጂ እዚህ ደብረ ማርቆስ ቁጭ ብዬ ከጎጃም ዳር እስከ ዳር ይሄ ሁሉ ብሶት ይጎርፋል አላልኩም። ሁሉንም አነበብኩ። ስድስቱን መርጫለሁ፣ ስም የላካችሁትን ስማችሁን ትቼዋለሁ፣ ለሰፈር መሳቂያ እንዳትሆኑ።

ጥያቄ፦ ሰላም ላንተ ይሁን። ፍኖተ ሰላም ባጃጅ ነው የምሠራው። ተራ እስኪደርሰኝ ሊቼስ የሚባለው የቼዝ ድረ ገጽ ላይ ባለ 3 ደቂቃዋን እጫወታለሁ። ክረምት ላይ ነጥቤ 1200 ደርሶ ነበር፣ አሁን 950 ነኝ። ሰነፍ አይደለሁም፣ ከያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ኢንጂኑን (ጨዋታውን የሚመረምረውን ፕሮግራም) ከፍቼ አያለሁ፣ ሁለት ሦስት ቀይ ምልክት ያሳየኛል፣ እሺ ብዬ ቀጣዩን እጀምራለሁ፣ ግን ያው ነው፣ እንዲያውም ባሰብኝ። አንዱን ልኬልሃለሁ፣ ነጭ ነኝ፣ በ7 ሙቭ ማት የሆንኩበት፣ ንጉሤ ማምለጫ ያጣበት። የተራ አስከባሪው ሳይቀር ስቆብኛል። (የባጃጁ ልጅ)

መልስ፦ ወንድሜ አይዞህ፣ እዚች ወጥመድ ውስጥ እኔም ገብቼባታለሁ፣ ያውም ሁለቴ። ጨዋታውን ለሌሎቹ ላስረዳ (ፊደሉ ዓምዱን፣ ቁጥሩ ረድፉን ነው የሚያሳየው)። የነጩ ወታደር ኢ4፣ የጥቁሩ ኢ5። ያንተ ፈረስ ኤፍ3፣ የሱ ፈረስ ሲ6፣ ቢሾፕህ ሲ4፣ እስከዚህ ድረስ ሰላም ነው። 3ኛው ላይ ሰውየው ያንኑ ፈረሱን ብድግ አድርጎ ዲ4 ላይ አስቀመጠው። ኢ5 ላይ ያለችውን ወታደሩን ሲጠብቅ የነበረው እሱ ስለነበር ወታደሯ ሜዳ ላይ ቀረች፣ አንተ ሆዬ በፈረስህ ላፍ። ኩዊኑ ጂ5 መጣች፣ ፈረስህንም ጂ2 ላይ ያለችውን ወታደርህንም አንድ ላይ ያዘች። አንተ ደግሞ በዛው ፈረስ ኤፍ7ን በላህና ኩዊኑንና ሩኩን ፎርክ አደረግኩ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ያዝኩ ብለህ ልብህ ሞቀ። እሱ ምንም አልመሰለውም፣ ጂ2ን በላ፣ ሩክህን ለማዳን ኤፍ1 አስገባኸው፣ ኩዊኑ ኢ4ን በልታ ቼክ አለችህ፣ ንጉሥህን አስፈራራች፣ ቢሾፕህን ወደ ኢ2 መልሰህ ጋረድክ፣ ፈረሱ ኤፍ3 ላይ፣ ማት። ቢሾፑ ፒን ስለተደረገ፣ ማለትም ቢንቀሳቀስ ንጉሥህ ለኩዊኑ ስለሚጋለጥ፣ ፈረሱን መብላት አይችልም፣ ንጉሥህ ደግሞ ዙሪያውን በገዛ ሰዎቹ ታፍኗል። በቢሾፑ ፋንታ ኩዊንህን ብትጋርድ ደግሞ ዲ4 ያለው ፈረስ ይበላታል።

አሁን ዋናው ነገር። ኢንጂኑ ድርብ የጥያቄ ምልክት የለጠፈብህ 5ኛው ሙቭ ላይ ነው፣ ኤፍ7ን ስትበላ። አንተም እሱን አየህ፣ ሁለተኛ ኤፍ7ን አልበላም አልክ፣ ዘጋኸው። እኔን ከጠየቅከኝ ግን የተሸነፍከው 4ኛው ላይ ነው፣ የነፃዋን ወታደር ስታነሳ። ገበያ ላይ አንድ የማታውቀው ሰው በሬውን በግማሽ ዋጋ ውሰድልኝ ቢልህ ብሩን ቆጥረህ ከመስጠትህ በፊት በሬው የማን ነው፣ ከየት መጣ፣ ለምን ቸኮለ ትላለህ እኮ። ሰውየው በ3ኛው ሙቭ ወታደሩን ጥሎልህ ሲሄድ ግን አንድም ነገር አልጠየቅክም። ዲ4 ላይ የመጣውን ፈረስ በፈረስህ ብትበላው እሱ በወታደሩ ይመልስልሃል፣ አንተ ካስል ታደርጋለህ፣ ንጉሥህን ወደ ሩኩ በኩል ትሸሽገዋለህ፣ በቃ፣ እንዲያውም ያንተ ይሻላል።

ስለዚህ ቀዩ ምልክት ቤቱ የፈረሰበትን ነው የሚያሳይህ፣ ምሰሶው የበሰበሰበትን ላያሳይህ ይችላል። ደግሞ ኢንጂን የሚያወራህ በቁጥር ነው፣ ፕላስ 2 ማይነስ 4፣ ቁጥር ነገ ጠዋት ከራስህ ውስጥ የለም። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ ስሸነፍ ኢንጂኑን አልከፍትም። ጨዋታውን ራሴ ከመጀመሪያው እያሳለፍኩ እዚህ ጋ ነው የተበላሸው የምለውን እይዛለሁ፣ እዚያች ሙቭ ላይ ምን እያሰብኩ እንደነበር በአማርኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ደብተር ላይ እጽፋለሁ፣ ከዚያ በኋላ ነው ስቶክፊሽ የሚባለውን ኢንጂን የምጠራው። ብዙ ጊዜ እኔ ያልኩት ቦታና እሱ ያለው ቦታ አይገጥምም፣ ትምህርቱ ያለው እዛ ልዩነት ላይ ነው። ሊቼስ ላይ የኮምፒውተር ትንተና ካስጠየቅክ በኋላ ከስህተቶችህ ተማር የምትል በተን አለች፣ ነፃ ናት፣ መልሱን ዝም ብሎ አይነግርህም፣ ወደ ስህተትህ ቦታ ይመልስህና በል የተሻለ ፈልግ ይልሃል። እሷን ተጠቀምባት።

የኔን ደብተር ከአንድ ወር በኋላ ሳገላብጠው ምን እንዳገኘሁ ልንገርህ፣ አፈርኩ። የተለያየ መቶ ስህተት የምሠራ ይመስለኝ ነበር፣ ለካ አንዱን ስህተት ነው መቶ ጊዜ የምሠራው፦ አንድ ነገር ሲጠብቅ የነበረን ሰው አነሳና ሌላ ቦታ እልከዋለሁ፣ የተጠበቀው ባዶውን ይቀራል። አሁን ፈረስም ሆነ ቢሾፕ ከማንሳቴ በፊት አንተ እዚህ ምን እየሠራህ ነበር ብዬ እጠይቀዋለሁ። (በድምፅ። ባለቤቴ መጀመሪያ ስልክ የማወራ መስሏት ነበር።) ያንተ ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ከላክኸው ጨዋታ እንደማየው ያንተ ነፃ ነገር ማለፍ አለመቻል ነው፣ ግን 20 ጨዋታ ጽፈህ ራስህ ድረስበት እንጂ እኔን አትመን።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምርልህ፣ ስለ ተራው። አንዱ ዓይንህ ስልኩ ላይ አንዱ ዓይንህ ሰልፉ ላይ ሆኖ ባለ 3 ደቂቃ መጫወት ማለት ጨዋታው መሀል ላይ ተሳፋሪ ሲመጣ የመጣልህን ጠቅ አድርገህ መንዳት ነው፣ እሱን ብላንደር (ከባድ ስህተት) ብዬ አልቆጥረውም፣ እሱ ሥራ ነው። ተራ ስትጠብቅ ፐዝል፣ ማለትም የቼዝ እንቆቅልሽ፣ ሥራ፣ ፐዝል መሀል ላይ ብትተወው የሚቀየምህ የለም። ማታ ቤት ስትገባ ደግሞ አንዲት ባለ 10 ደቂቃ 5 ሰከንድ ጭማሪ ያላት ተጫወት፣ አንድ ብቻ፣ ከዚያ ደብተርህን አውጣ።

ጥያቄ፦ እንደምን ከረምክ። ልጅ ሆኜ ዲማ ቅኔ ተምሬያለሁ፣ አሁን ቢቸና ትንሽ ሱቅ አለኝ። ቃል መያዝ ይቀናኛልና የቼዝ ኦፕኒንግ፣ የጨዋታ መክፈቻ ሙቮችን፣ በቃሌ ይዣለሁ፣ እስከ 10 ሙቭ ድረስ እንደ ውዳሴ ማርያም ነው የምወርደው። 11ኛው ላይ ስደርስ ግን ጨለማ ነው፣ የሆነ ነገር አበላለሁ። ተጨማሪ መስመር ልያዝ ወይስ ምን ይሻላል? (ባለ ሱቁ)

መልስ፦ ወንድም ጋሼ፣ እርስዎ እኮ መልሱን ከኔ በላይ ያውቁታል። የኔታ የራሳቸውን ቅኔ በቃልዎ አስይዘው ነው ባለ ቅኔ ያደረጉዎት? አይደለም። ዛፍ ሥር ተቀምጠው ራስዎ ቆጠሩ፣ መጥተው ነገሩ፣ የኔታ አረሙዎት፣ ጓደኞችዎ እየሰሙ። ምናልባት መጀመሪያ ላይ ቤት አልመታ ብሎዎት፣ ሙያው ፈርሶብዎት ተመልሰዋል። የጀመሩትም በሁለት ቤቷ በጉባኤ ቃና ነው፣ ማንም ገና በመጣ ሳምንቱ ስምንት ቤት መወድስ ልቁጠር አይልም። ቼዝ ላይ ግን ሁላችንም ከመወድስ ነው የምንጀምረው፣ ሲሲሊያን ምናምን እያልን፣ ፈረስ ሁለት ነገር ፎርክ ሲያደርግ ሳናይ። የቼዝ ጉባኤ ቃና የምላት አንድና ሁለት ሙቭ ያላት ፐዝል ናት፣ ማት በአንድ፣ ፎርክ፣ ፒን። በቀን 10 ይሥሩ፣ ሳይቸኩሉ፣ መጨረሻውን ሳያዩ ጠቅ እንዳያደርጉ።

የላኩልኝን ጨዋታ ሳየው ደግሞ 11ኛው ላይ የሆነው ነገር መርሳት አይደለም። ሰውየው መስመርዎ ላይ የሌለ ሙቭ ተጫወተ፣ ቢሾፑን አንድ እርምጃ ብቻ ወደ ኋላ መለሰ፣ እርስዎ ግን በቃልዎ የያዙትን ተጫወቱ። የሱን ሰምተው አልመለሱለትም ማለት ነው። ሰምና ወርቅ ለርስዎ አላስተምርም፣ ግን የዛ ቢሾፕ ሰሙ ማፈግፈግ ነበር፣ ወርቁ ከኋላው ያለውን የሩኩን መንገድ መክፈት፣ ሩኩም መጥቶ ኩዊንዎን ወሰደ። እያንዳንዱ የባላጋራ ሙቭ ላይ ወርቁ የት ነው ብለው አንዴ ቢጠይቁ፣ እውነቴን ነው፣ አዲስ መስመር ሳይይዙ 200 ነጥብ ይወጣሉ ብዬ እገምታለሁ። ግምት ነው እንግዲህ።

ደግሞ የሚነግሩት ሰው ይፈልጉ። ብቻውን ከኢንጂን ጋር የሚጫወት ሰው ነገራ የሌለው የቅኔ ተማሪ ነው። ሱቅዎ ደጃፍ ላይ አንድ የሚጫወት ጎረምሳ አይጠፋም፣ ጨዋታዎን አሳዩት፣ እዚህ ጋ ይሄን ያሰብኩት ለዚህ ነው ብለው ጮክ ብለው ይናገሩ፣ ግማሹን ስህተትዎን ልጁ አፉን ሳይከፍት ራስዎ ያገኙታል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህር ነኝ፣ ሞጣ። 64 ዓመቴ ነው። የልጄ ልጅ ስልኬ ላይ ቼዝ ጫነልኝና ይኸው በየቀኑ ኩዊን እየሰጠሁ እነሳለሁ። እነዚያ የዓለም ሻምፒዮን የሚባሉት እንዲህ ያለ ጅልነት አይሠሩም መቼም። ለኔ ዕድሜ ነገሩ አልፏል ልበል? (መምህሩ)

መልስ፦ መምህር፣ ይሄን ጥያቄ በጣም ነው የወደድኩት። በ1956 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አምስተርዳም ላይ ፔትሮስያን ብሮንስታይንን አፍኖ ይዞት፣ ሰውየው መተንፈሻ አጥቶ ፈረሱን ወዲያ ወዲህ ሲያመላልስ፣ አንዷ የፈረስ ሙቭ የፔትሮስያንን ኩዊን ነካች። ፔትሮስያን አላያትም፣ ሌላ ነገር ተጫወተ፣ ኩዊኑ ተበላች። ይሄ ሰው በኋላ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ፣ እንደውም በጥንቃቄው የሚታወቅ ነው። በ2006 ክራምኒክ ሻምፒዮን እያለ ጀርመን ቦን ላይ ዲፕ ፍሪትዝ ከሚባል ኮምፒውተር ጋር ሲጫወት በአንድ ሙቭ ማት የምትሆንበትን አላየም፣ የኮምፒውተሩ ኩዊን ኤች7 ላይ ገባች፣ አለቀ። ኩዊኗን ይጠብቃት የነበረው ፈረስ ኤፍ8 ላይ ነበር፣ ዓይን ፈረስን እዚያ ለማየት አልለመደምና ነው መሰለኝ። በ2024 ሲንጋፖር ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ግጥሚያ ደግሞ 6 ተኩል ለ6 ተኩል ሆነው በ14ኛውና በመጨረሻው ጨዋታ፣ አቻ እየሄደ ባለ ጨዋታ ላይ ሻምፒዮኑ ዲንግ ሊረን ሩኩን ኤፍ2 ላይ አስቀመጠው፣ የ18 ዓመቱ ጉኬሽ ሩኩንም ቢሾፑንም አስለውጦ በወታደር ብልጫ ዋንጫውን ወሰደ።

ከሁሉም ለርስዎ የምመርጥልዎ ግን የ2014ቱን የዓለም ሻምፒዮና ግጥሚያ ነው፣ ሶቺ፣ 6ኛው ጨዋታ። ሻምፒዮኑ ካርልሰን 26ኛው ሙቩ ላይ ንጉሡን ዲ2 ወሰደው፣ ከባድ ስህተት ነበር፣ አናንድ በፈረሱ ኢ5ን ቢበላ ሁለት ወታደር ያተርፋል። ካርልሰን ወዲያው ገብቶታል፣ ፊቱን ለመቆጣጠር ሲታገል ይታያል። አናንድ ግን አላየውም፣ ጥግ ላይ ያለች ወታደሩን ገፋት። ጨዋታውንም ተሸነፈ። ይሄ አናንድ ነው እንግዲህ፣ አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ። ካርልሰን ይሳሳታል ብሎ አልጠበቀማ! እኛም ኢንጂን ስንከፍት የራሳችንን ቀይ ምልክት ብቻ ነው የምንቆጥረው፣ የሰውየው ብላንደር በሆነበትና እኛ ባለፍነው ሙቭ ላይ ማንም አይቆምም። እስቲ አንድ ሳምንት የባላጋራዎን ስህተት ብቻ ይቁጠሩ፣ ስንቱን ስጦታ ሳይቀበሉ እንደመለሱ ይገርምዎታል።

ዕድሜ ላሉት፣ ሰዓቱን ነው የምጠረጥረው። የልጅ ልጅዎ የጫነልዎ ባለ 3 ደቂቃ ከሆነ እሱ የወጣት ጨዋታ ነው፣ ባለ 15 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ጭማሪ ጋር ይሞክሩ። የኛው የጥንቱ ቼዝ፣ ሰንጠረዥ ላይ ሲጀመር ወረራ የሚባል ነበር፣ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እኩል ያንቀሳቅሳሉ፣ የመጀመሪያው ሰው እስኪበላ ድረስ፣ ተራ በተራ የሚሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ባለ 1 ደቂቃ ቡሌት የሚጫወቱ ልጆችን ሳይ ወረራው ሳያበቃ ጨዋታው ያለቀ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ኩዊን በልጬ፣ የሱ ንጉሥ ብቻውን ቀርቶ፣ እየሳቅኩ እያባረርኩት ድንገት ጨዋታው አቻ ሆነ አለኝ። ሦስተኛ ጊዜዬ ነው። ስልኬን ልወረውረው ነበር። (የተናደደችው)

መልስ፦ ስቴልሜት ነው እህቴ። ቼክ ሳይሆን መሄጃ ካጣ አቻ ነው። አንዲት ምልክት ልስጥሽና ሁለተኛ አይድረስብሽ፦ ንጉሡ ጥግ ላይ ከገባ፣ ለምሳሌ ኤች8፣ ኩዊንሽ ከሱ በፈረስ ዝላይ ርቀት ላይ፣ ማለትም ጂ6 ወይ ኤፍ7 ላይ ከቆመች ታፈነ። የሚገርመው ወደ ዳር ስታባርሪው እቺው የፈረስ ዝላይ ርቀት ናት ምርጧ፣ ቼክ ሳትይ እየተከተልሽው ቦታውን ታጠቢዋለሽ። ጥግ ሲገባ ብቻ ትቆሚያለሽ። ሁለት ካሬ የሚመላለስበት ተይለትና ኩዊንሽን ረስተሽ የራስሽን ንጉሥ አምጪ፣ ማት የሚሆነው ሁለቱ ሲተባበሩ ነው። ሊቼስ ላይ ይሄን ከኮምፒውተር ጋር መለማመጃ አለ፣ አምስት ጊዜ ሥሪው። ስልኩን አትወርውሪ፣ ውድ ነው።

ጥያቄ፦ እኔን የሚያሸንፉኝ ሁሉ ኢንጂን እየተጠቀሙ ነው ብዬ አምናለሁ። 870 ነኝ። (ተበዳዩ፣ ከዳንግላ)

መልስ፦ አንዳንዱ ሊሆን ይችላል፣ ከጠረጠርክ ሪፖርት አድርግና ቀጥል። ግን የላክልኝን ሦስት ጨዋታ አየሁ ወዳጄ፣ በሁለቱ ሩክህን ለፈረስ ፎርክ አሳልፈህ የሰጠኸው አንተ ነህ፣ እሱን ለመብላት ኮምፒውተር አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ደንበጫ ነኝ። አሪፍ እየተጫወትኩ ኔትወርክ ይቋረጣል፣ ሲመለስ ሰዓቴ አልቆ ተሸንፌያለሁ። እልህ ይይዘኝና ነጥቤን ላስመልስ ብዬ ተከታትዬ ስጫወት ብላንደር በብላንደር እሆናለሁ፣ አንድ ማታ 180 ነጥብ አጣሁ። (ኔትወርክ የለም)

መልስ፦ የመጀመሪያውን ሽንፈት ኔትወርኩ ወሰደብህ፣ ቀሪውን 170 ግን እልህህ ነው። እኔ ያወጣሁት ሕግ አለ፣ በተከታታይ ሁለት ከተሸነፍኩ ለዛ ማታ ስልኩ ሌላ ክፍል ይገባል። ሦስተኛውን ብጫወት እንደማሸነፍ እርግጠኛ የምሆንበት ማታ ደግሞ ከሁሉም የባሰው ነው። ነጥቡን ማየት የሚያናድድህ ከሆነ ሊቼስ ሴቲንጉ ላይ ዜን ሞድ የምትል አለች፣ ስትጫወት የሰውየውንም ያንተንም ነጥብ ትደብቃለች። ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ አፑ ላይ ከኮምፒውተሩ ጋር ያለ ኢንተርኔት መጫወት ትችላለህ፣ ፐዝልም አስቀድሞ የሚወርድ አለ፣ ዋይፋይ ያለበት ስትሄድ አውርደህ ያዝ። እንዲሁም የተሸነፍክባቸውን ጨዋታዎች ደብተር ላይ ገልብጠህ ከሆነ መብራትም ኔትወርክም በሌለበት ማታ ሻማ አብርተህ በቼዝ ሰሌዳ ላይ ትደግማቸዋለህ። ሰሌዳ ከሌለህ ካርቶን ላይ 64 ካሬ ስመር፣ ቆርኪ አይጠፋም፣ እኔ አሁንም የምጠቀመው የቆርኪውን ነው፣ ንጉሡ የአምቦ ውኃ ቆርኪ ነው።